ትኩሳት ላይ ሆኜ ለዓይኔ ሙቅ ጨርቅ የምይዘው እንዴት ነው?

የዓይኔ ቆብ ጠርዝ መቆጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ስነሳ ሽፋሽፍቴ በአይናር ተጣብቆ ይጠብቀኛል። ዓይኔ ይቆረቁረኛል። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል ማታ ማታ ይብስብኛል። ሐኪም ጋ ስሄድ የጠብታ ዓይነት ይደረደርልኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ዋናው መድኃኒት ሆኖ የታዘዘልኝ ግን ሙቅ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ነው። "ለዚህ ነው እንዴ ካርድ ያወጣሽው?" ብላ የሳቀችብኝ የሥራ ባልደረባ አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓይን ቆባችን ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ቅባት የሚያወጡ ጥቃቅን ዕጢዎች ተሰልፈዋል። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ይሆናሉ። የሚያወጡት ቅባት እንባችን ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። ዕጢው ሲታወክ ቅባቱ ብርድ እንደመታው ቅቤ ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚያ ዓይን ይደርቃል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴም ቆቡ ላይ ብጉንጅ ይወጣል። ሙቀት ያንን የረጋ ቅባት ያላላዋል። የሚያስፈልገው ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይያዛል። ከዚያ በታጠበ ጣት ጫፍ ቆቡን ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። የዓይን ኳሱን መጫን የለም።

ጤነኛ ሆኜ ይሄ ምንም አይከብድም። የሚከብደው ትኩሳት ሲይዘኝ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ትኩሳት ብርቅ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚያጠቃው ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን ቦታ ነው፤ ስለዚህ እኛ ውስጡ ነን። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ በየግቢው አንድ ሰው መተኛቱ አይቀርም። እኔም ተኝቼ አውቃለሁ። በነዚያ ቀናት ዓይኔ እረፍት አይሰጠኝም። ትኩሳት ሰውነትን ያደርቃል፤ ዓይንም አብሮ ይደርቃል። ተኝቼ ስለምውል አይናሩም ይጨምራል። ሙቅ ጨርቁ በጣም የሚያምረኝ ያን ጊዜ ነው። በጣም መጠንቀቅ ያለብኝም ያን ጊዜ ነው።

ለምን? ትኩሳት የያዘው ሰው እጅ ሙቀትን በትክክል ስለማይለካ ነው። ወባ ይዞት የሚያውቅ ሰው ደረጃዎቹን ያውቃቸዋል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል፣ ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ቢደረብም አይበቃም። ያን ጊዜ የእጅ ጣት በረዶ ነው። ለብ ያለ ውሃ ብትነኩ ያቃጠላችሁ ይመስላችኋል፤ ገላችሁ ግን ሙቀት ሙቀት ስለሚል "ጨምሩልኝ" ትላላችሁ። ቀጥሎ ትኩሳቱ ይወጣል። እጅ ይግላል። አሁን ደግሞ እውነተኛ ሙቅ ውሃ ለብ ያለ ይመስላል። ከጋለ እጅ ጋር ሲነጻጸር ውሃው ብዙም አይለይማ! በመጨረሻ ላብ ይመጣል፣ ሰውየው ይዝላል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። በሦስቱም ደረጃ የበሽተኛው እጅ የሚሰጠው ምስክርነት የተለያየ ነው፤ አንዱም አይታመንም። የዓይን ቆብ ቆዳ ደግሞ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው። እጅ የቻለውን ሁሉ እሱ አይችልም።

ስለዚህ የኔ የመጀመሪያ ሕግ ይሄ ነው፦ ትኩሳት ካለብኝ ውሃውን የምለካው እኔ አይደለሁም። ጤነኛ ሰው በእጅ አንጓው የውስጥ በኩል ይለካልኛል። መዳፍ አይሆንም። ከሰል ስታነሳ፣ ምጣድ ስትነካ የኖረች እናት መዳፍ ምን ይሰማዋል?

አክስቴ ከዘጌ ልትጠይቀኝ በጀልባ የመጣች ጊዜ ይሄ ነገር ክርክር አስነሳ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጣለሁ። እሷ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ፔርሙሱን ከፈተች፣ ሳፋ አቀረበች፣ ፎጣውን ነከረች። ፎጣው ሲወጣ እንፋሎቱ ይታየኛል። እሷ በባዶ እጇ ጨምቃ ጨምቃ፣ ሁለት ጊዜ አራግፋ፣ ወደ ፊቴ አመጣችው።

"እትዬ፣ ይቆዩ እስቲ። በአንጓዎ ይሞክሩት መጀመሪያ።"

"ምን አለው? እኔ ይዤው የለም እንዴ!"

"እጅዎ ለምዶት ነው። እዚህ ጋ ያድርጉት።"

አንጓዋ ላይ አሳረፈችው። ወዲያው ብድግ አደረገችውና "ውይ! እውነትሽን ነው የኔ እናት" አለች። ከዚያ ወዲህ ለሌላው ሰው ሁሉ የምታስተምረው እሷ ናት። ዘጌ ላይ በአንጓ ያልተለካ ጨርቅ ሰው ዓይን ላይ አይወጣም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ውሃውን እንዴት እንደምናዘጋጅ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይገባል፣ ሙቁ ኋላ ይጨመራል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ሳፋው ውስጥ ለጊዜውም ቢሆን የፈላ ውሃ አለ ማለት ነው፤ የደከመ ሰው እጁን ሊከትበት ይችላል። ቀዝቃዛው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ ለዓይን አይሆንም፣ ምንም ያህል የጠራ ቢመስል።

መጠኑን በኩባያ ነው የምናገረው። ፔርሙስ ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት የቆየ ውሃ ከሆነ፣ ለአንድ ኩባያ ሙቅ ሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ። አሁን ከእሳት የወረደ ከሆነ፣ ለአንድ ኩባያ ሁለት ተኩል። በከፍታችን ምክንያት ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ቤት ውስጥ ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚህ ሒሳብ ሳፋው ውስጥ የሚገኘው 43 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጨርቁ ተጨምቆ ፊት ላይ እስኪደርስ ደግሞ ትንሽ ይቀዘቅዛል። 45 ዲግሪ ካለፈ ቆዳን ወደሚጎዳው ሙቀት እየተጠጋን ነው። ያም ሆኖ ኩባያው ግምት ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የጤነኛ ሰው አንጓ ነው። "ሙቅ ነው፣ ደስ ይላል" ካለ ይሁን። "ይቻላል" ካለ አይሁን። የሚቻል ነገር ሁሉ ለዓይን ቆብ አይሆንም።

አንዳንዱ ሰው የትኩሳት መለኪያውን ውሃው ውስጥ መክተት ያስባል። ተዉት። የሜርኩሪው ዓይነት ለዚያ ሙቀት ስላልተሠራ ሊፈነዳ ይችላል። ሜርኩሪ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚፈለግ ነገር አይደለም። የኔው ዲጂታል ከ42 በላይ ሲሆን ቁጥሩን ትቶ ምልክት ብቻ ያወጣል። መለኪያው ለብብት ነው። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ያለው ሰው ግን እድለኛ ነው፣ ይጠቀምበት።

ጨርቁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ያጣል። ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። "ቶሎ ይቀዘቅዝብኛል" ብሎ ውሃውን ያግለዋል። መፍትሔው ቶሎ ቶሎ መንከር ነው። ሁለት ጨርቅ ካለ አንዱ ዓይን ላይ ሲሆን ሌላው ሳፋው ውስጥ ይቆያል። ሳፋው በሌላ ሳፋ ወይም በሳህን ቢከደን ሙቀቱ ይቆያል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከፔርሙሱ የሚጨመረው ጨርቁ ከዓይን ላይ ተነሥቶ ነው፤ ከተጨመረ በኋላም እንደገና በአንጓ ይለካል።

ሩዝ በካልሲ አድርገው ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚያሞቁ አሉ። የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ የሚጠቀልሉም አሉ። ጤነኛ ሰው በጥንቃቄ ቢያደርገው አልቃወምም። ለበሽተኛ ግን አልወደውም። ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም፤ አንዱ ጎን ለብ ብሎ ሌላው ይፋጃል። እንቁላል ደግሞ ሙቀቱ ከውስጥ እየወጣ ስለሚሄድ መጀመሪያ ስትነኩት ደህና የነበረው ቆይቶ ይግላል። እርጥብ ጨርቅ ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ዓይን ላይ ካረፈ በኋላ እየቀዘቀዘ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ሕጌ፦ ጨርቁን በእጄ እይዘዋለሁ እንጂ በሻሽ አላስረውም። ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ትራስ አስደግፌ። ትኩሳት ያለበት ሰው ሳያስበው ያሸልባል። በእጅ የተያዘ ጨርቅ እንቅልፍ ሲመጣ እጅ ይዝልና ጨርቁም አብሮ ይወድቃል። የታሰረ ጨርቅ ግን እዚያው ይቀራል። የግቢያችን አንዲት ልጅ ብጉንጅ ወጥቶባት፣ ከፔርሙስ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ የነካ ፎጣ በሻሽ ታስሮላት ተኝታ ነበር። ስትነሳ ከቅንድቧ ሥር የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀይ መስመር ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ብጉንጁ በሳምንት ጠፋ፤ የቃጠሎው ጠባሳ ግን ከዚያ በላይ ቆየ።

መብራት ሲጠፋ ውሃው በከሰል ይፈላል። ለምደነዋል። ግን ማንደጃው በሽተኛው ከተኛበት ክፍል ውጭ ይሁን። በሽተኛ ብርድ ስለሚለው መስኮት ተዘግቶ፣ በር ተጋርዶ፣ ከሰሉ አጠገቡ ይደረግለታል፣ "ይሙቀው" ተብሎ። የከሰል ጋዝ አይሸትም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው። ወባም እኮ ምልክቱ ይኸው ነው! ከሰል የመታውን ሰው "በሽታው ባሰበት" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይሄን ነገር ማንም ሲያነሳው ስለማልሰማ ነው እኔ የማነሳው።

ሦስተኛው ሕጌ ደግሞ መተው ነው። እየተንቀጠቀጥኩ ከሆነ አላደርገውም። ብቻዬን ከሆንኩና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለኝ አላደርገውም። ትኩሳቴ 38.5 ካለፈ መጀመሪያ እሱ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ቁጥሩ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም፣ ለራሴ ያወጣሁት መስመር ነው። የቆብ ጠርዝ መቆጣት የዓመታት ሕመም ነው፤ ጥቂት ቀን ሙቅ ጨርቅ ቢቀርበት ማንም ዓይኑን አያጣም። በነዚያ ቀናት ጠዋት አይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠርጌ እተወዋለሁ። ዓይኔ ሲደርቅ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ እጠቀማለሁ። ብዙ እጠጣለሁ፦ ውሃ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ካስመለሰኝ ኦአርኤስ።

"ሙቅ ጨርቅ ትኩሳቱን ያባብሰዋል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ያቺ የምታህል ጨርቅ የመላ ሰውነትን ሙቀት አትጨምርም፣ አትቀንስምም። ጉዳዩ የቆቡ ቆዳና የበሽተኛው ንቃት ነው። እንዲሁም ትኩሳት ሲኖር ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚሰማው ሕመም ከቅባት ዕጢዎቹ ጋር አይገናኝም፤ ለሱ ሙቅ ጨርቅ አይረዳም። ትኩሳቱ ሲወርድ አብሮት ይቀላል። ግንባር ላይ የሚደረገው ቀዝቃዛ ጨርቅ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ቤት ሁለቱ እንዳይምታቱ ለዓይን ነጩ፣ ለግንባር ሰማያዊው ተብሎ ተወስኗል። አክስቴ መጀመሪያ ቀን ሰማያዊውን ዓይኔ ላይ፣ ነጩን ግንባሬ ላይ አድርጋ "ምን ልዩነት አለው" ብላኛለች። ልዩነቱ ነጩ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ለብቻው የሚቀመጥ መሆኑ ነው።

ጨርቅ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ጨርቅ ለአንድ ሰው ነው። በኛ ክልል ትራኮማ ገና አልጠፋም። የሚተላለፈው በእጅ፣ በዝንብ፣ ፊት በተጠረገበት ፎጣና ነጠላ ነው። ጉንፋን አመጣሽ የዓይን መቅላትም እንዲሁ ነው፤ ከቤት አንዱን ከያዘ በአንድ ፎጣ ሁሉንም ያዳርሳል። አንደኛው ዓይን ብቻ ከታመመ እንኳ ለሁለቱ የተለያየ ጨርቅ ይሁን። በነጠላ ጫፍ የልጅን ዓይን መጥረግ የፍቅር ምልክት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናቴም ታደርገው ነበር። ግን ይቅር።

የባህሉን ነገርም ላንሳ። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ "ምች ነው" ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል። አክስቴም በፌስታል ይዛ መጥታለች። ሽታው ደስ ይለኛል፣ ቡና ላይ ጠብ አድርጋልኝም ጠጥቻለሁ። ዓይን ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አይገባም። ጤና አዳምም፣ የእናት ጡት ወተትም፣ የሻይ ቅጠልም አይገባም። ጠበሉን ዓይኔን ጨፍኜ ተረጨሁ። በባሕር ዛፍ ቅጠል ልታጥነኝ ስትል ግን እምቢ አልኩ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ ማጎንበስ፣ በሚያንቀጠቅጥ ሕመም ላይ፣ ድስቱን ጭን ላይ እንደ መድፋት ይቆጠራል። ተቀየመችኝ። ማታ ላይ ታረቅን።

ከሁሉ በፊት ግን ትኩሳቱ ራሱ መመርመር አለበት። እዚህ ከተማ ትኩሳት ያለው ሰው ጣቱን ተወግቶ የወባ ምርመራ ሳያደርግ ስለ ዓይኑ ማውራት የለበትም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጨርቅ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ስትወስዱ የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል እንዳለ አስታውሱ፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ትኩሳትና የዓይን ቆብ እብጠት አንድ ላይ ሲመጡ ሁልጊዜ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። አንዳንዴ ትኩሳቱን ያመጣው ራሱ ዓይኑ አካባቢ ያለው ኢንፌክሽን ነው።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ነርስ ተከራይታ ትኖራለች። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። አንድ ማታ የአከራያችን የእህት ልጅ፣ ገና ተማሪ ነው፣ አንድ ዓይኑ አብጦ መጣ። ጉንፋን ይዞት ከርሟል። ትኩሳት አለው። እናቱ ብጉንጅ መስሏት ሙቅ ጨርቅ ይዛለታለች። ሲስተር ጨርቁን ተቀበለቻትና አስቀመጠችው። ቆቡን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ከፈተች። "ጣቴን እያት፣ ጭንቅላትህን ሳታንቀሳቅስ" አለችው። ጣቷን ወደ ቀኝ ስትወስድ ዓይኑ ትንሽ ተከተለና ቆመ። ልጁ ፊቱን አጨማደደ። ወደ ላይ ስትወስድ ጮኸ። ከጎን ሆና ሁለቱን ዓይኖቹን አስተያየች፤ ያበጠው ወደ ፊት ወጣ ብሏል። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። "ባጃጅ ጥሩ" አለች።

ያን ሌሊት ሆስፒታል ተኛ፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነ። ከአፍንጫው ጎን ካሉት ክፍት የአጥንት ቦታዎች የተነሳ ኢንፌክሽን ወደ ዓይን ጉድጓዱ ገብቶ ነበር። ይሄ ዓይንን ሊያሳጣ፣ ወደ አንጎልም ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ሙቅ ጨርቅ አያድነውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሰዓት ማባከን ነው።

ሲስተር ያን ጊዜ የነገረችንን እስካሁን ይዤዋለሁ። ብጉንጅ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በጣት "እዚህ ጋ" ተብሎ ይነካል። ከባድ ትኩሳትም አያመጣም። ቆቡ በሙሉ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ወደ ጉንጭ ወይም ወደ ቅንድብ ከሄደ፣ ትኩሳትም ካለው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ዓይን ሲንቀሳቀስ ካመመ፣ ወደ ፊት ከወጣ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ማየት ካልተቻለ፣ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። አንገት ከደረቀና ራስ ምታቱ ከበረታም እንዲሁ።

አልማዝ ባለጭራ የሚባለውንም አትርሱ። በግንባር አንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ሕመም፣ ቀጥሎ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች። በተለይ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይንም ሊነካ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ጨርቅ፣ ሙቅም ቀዝቃዛም፣ ለሱ መልስ አይደለም። ትኩሳት፣ ሽፍታና የቀላ ዓይን ያለው ሕፃን ደግሞ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እዚያ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፣ ዓይኑን ከሚያድኑት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ትኩሳት ላለው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ፋርማሲ ገብቶ "ለዓይን የሚሆን ጠብታ ስጡኝ" ማለትም የተለመደ ነው። አንዳንዱ ጠብታ ውስጡ ስቴሮይድ አለው። ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፣ ሰውም "ፍቱን ነው" ይላል። ዓይኑ ላይ የቫይረስ ቁስል ካለ ግን ያባብሰዋል፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደም የዓይን ግፊት ይጨምራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልገዛውም።

የኅዳር ወር ለኔ ሌላ ፈተና አለው። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጥናል፣ በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማስታወስ። ሥርዓቱን አከብራለሁ። ግን የወባ ወቅትና ጭሱ በአንድ ላይ ሲመጡብኝ መስኮቴን ዘግቼ ነው የምውለው። ጭስ ላበሳጨው ዓይን ሙቅ አይሆንም፣ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው የሚሻለው። የአለርጂ ማሳከክም፣ ጉንፋን አመጣሽ ቅላትም ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ይስማማቸዋል። ሙቁ ለተደፈነ ዕጢና ለብጉንጅ ነው።

ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ወደ ልማዴ የምመለሰው ቀስ ብዬ ነው። መጀመሪያ በቀን አንዴ፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለ። ጨርቁ ከተነሣ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እይታ ሊደበዝዝ ስለሚችል ወዲያው አልነሣም፤ ሕመም ያደከመው ሰው ቶሎ ሲነሣ ራሱ ይዞራል። ብጉንጅ ከነበረ በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይደረጋል። መጭመቅ፣ በመርፌ መውጋት ፈጽሞ የለም። በሕመሙ ጊዜ የተጠቀምኩበትን ኩልና ማስካራ እጥላለሁ፤ ሌንስ የምታደርጉ ደግሞ ዓይናችሁ እስኪድን መነጽር ተጠቀሙ። ሕመሙ ጠፍቶ ጠጠር ያለ እብጠት ከሳምንታት በኋላም እዚያው ከቀረ የዓይን ሐኪም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊያወጣው ይችላል። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይ እብጠቱ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ከተመለሰ፣ ወይም እዚያ ጋ ሽፋሽፍቱ ከረገፈ፣ ሙቅ ጨርቁን ትተው ይመርመሩት፤ እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ የቆብ ካንሰር ሆኖ ይገኛል።